ገንዘብህ ነው የገደለው

የኮንትራክተሩን ሳሎን ያየ ሰው አፉን ይዞ ነው የሚቀረው። ከበሩ እስከ መስኮቱ ግድግዳው በሙሉ ቀንድ ነው፤ ጠምዛዛው፣ ቀጥ ያለው፣ ባርኔጣ የሚያሰቅለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ከአንዱ ቀንድ ወደ ሌላው ያዞረዋል። ሚስቱ ወሬውን በቃሏ ስለምታውቀው ሹልክ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ምን ታድርግ!

ያንን ግድግዳ ፊት የነሱት አባቱ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው በጉልምስናቸው በአንዲት አሮጌ ጠመንጃ፣ በእግራቸው እየተንከራተቱ ያደኑ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጠመንጃዋም ከአልጋቸው በላይ ተሰቅላለች። ኮንትራክተሩ የሚፈልጋት ለመተኮስ አይደለም፤ ጠመንጃማ ሞልቶት! ከአባቱ እጅ መቀበል ነው ያማረው። በጠየቃቸው ቁጥር ግን መልሳቸው ያው ነው።

«አዳኝ ለሆነ ልጅ ነው የምሰጣት። ያንን ሁሉ የገደለው ገንዘብህ ነው።»

ነገሩ ከነከነው። ሰውየው እኮ ሰነፍ አይደለም፤ ዒላማ አይስትም፣ ኮቴ መለየትም ተምሯል። ግን ሁልጊዜ የሚያድነው ከፍሎ በሚገባበት ባለአጥር ጫካ፣ አውሬ ያለበትን በሚያሳየው መሪ መኪና ነው። መሪው እዚህ ጋ ውረድ ሲለው ይወርዳል፣ አውሬው እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ኮንትራክተሩ ግን ይህ ሁሉ ዕድል ከአደን ኮቱ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ሚስቱ ሽታው ገደለኝ፣ ልጠበው ብትለው ገዱን ልታጥቢብኝ ነው ብሎ አሻፈረኝ አለ።

አንድ ማለዳ ያንን ኮት ለብሶ፣ መሪውን ከነመኪናው የጫካው በር ላይ አስቀርቶ፣ ብቻውን በእግሩ ገባ። አንድ አጋዘን በራሱ ችሎታ ጥሎ ቀንዱን አባቱ ጭን ላይ ሊያስቀምጥ ቆርጧል። ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ ሄደ። በደረቱ ተሳበ፣ እሾህ ቧጨረው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከቁጥቋጦው ማዶ አየው፤ ፈጣሪ ጊዜ ወስዶ የሠራው ወንድ አጋዘን! ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ሲያነሳ ነፋሱ ዞረ። በቃ፣ ሽታዬ ደረሰው፣ አመለጠኝ አለ በልቡ።

አጋዘኑ ቀና ብሎ አሸተተ። ከዚያ ወደ እሱ መጣ።

ወደ እሱ! ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው። አፈሙዙን አልፎ ቆመና የኮቱን እጅጌ ይልስ ጀመር። ምላሱ ሻካራ ነው። ዓይኑ ውስጥ ዛፉም ሰማዩም ይታያሉ። የኮንትራክተሩ ጣት ቃታው ላይ ነበር፤ ቢስበው ማንም አያይም፣ የአባቱ ጠመንጃ የእሱ ትሆናለች። አልሳበም። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። እንባው ዝም ብሎ ወረደ።

አጋዘኑ ጠግቦ ሲሄድ እሱም እጅጌውን በምላሱ ቀመሰ። ጨው ነው። ኮቱ ሁልጊዜ የሚጣለው መኪናው ኋላ፣ መሪው ለከብቶቼ ነው በሚላቸው ጆንያዎች ላይ ነበር።

በሩ ላይ ሲጠይቀው መሪው አልካደም። ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ጨው ይበትናሉ፣ አውሬዎቹም ለምደዋል። «ጋሼ፣ ባዶ እጁን የተመለሰ ደንበኛ እኮ ሁለተኛ አይመጣም» አለው።

ማታውኑ አባቱ ክፍል ገብቶ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። «እውነትዎን ነው አባዬ፤ እኔ አዳኝ አይደለሁም» አለ። አላልኩህም ወይ እስኪሉት አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

ሽማግሌው ግን ኮቱን አምጣው ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የደረቀውን ለሃጭ በጣታቸው ዳሰሱት፣ እጅጌውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩ።

«ዕድሜ ልኬን ሳሳድድ፣ አንዱም እንዲህ አስጠግቶኝ አያውቅም» አሉ። «ትንፋሹ ይሞቃል?»

«ይሞቃል አባዬ።»

ሽማግሌው እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ጫማቸውን በዳበሳ ይፈልጉ ጀመር።

«ነገ ውሰደኝ» አሉ። «ጠመንጃዋ እዚሁ ትቅር።»