ለመምህሬ እንዳትነግርብኝ

«ይቺን ብቻ ብትጠጣ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተቀመጥን ነበር!» አለች ሬዲዮ፣ ስልኳን ሹፌሩ አፍንጫ ሥር ደቅና።

ሬዲዮ ጎረቤት ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ጠዋት ከተከፈተች የምትዘጋው ሲመሽ ነዋ። ሹፌሩም መሪ ከጨበጠ ዓመታት አልፈውታል፣ ግን ዛሬም ሹፌሩ ነው የሚባለው። ሚስቱን የቀበረው ከትናንት ወዲያ ነው። ስልኩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ አረንጓዴ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ የደከመን ኩላሊት እንደ አዲስ አደርጋለሁ እያለ ይለፈልፋል። ሹፌሩ ያን ጠርሙስ አሳምሮ ያውቀዋል።

«አሳይቻት ነበር እኮ!» ቀጠለች ሬዲዮ። «‹ሻጩም እሱ፣ መስካሪውም እሱ› ብላ ሳቀችብኝ። አይ ግትርነት! ነፍሷን ይማርና።»

ሁለት ለቅሶ ደራሾች ሻያቸውን እያማሰሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሹፌሩ ጥርሱን ነከሰ። ሰው ሊያጽናና መጥቶ ሟቿን ይወቅሳል? ተነስቶ «ውጡልኝ!» ሊል ምንም አልቀረው፤ ግን ለቅሶ ቤት ነውና ዋጥ አደረገው።

ይባስ ብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠችው የሚስቱ ታናሽ እህት ዓይኗን ከስልኩ መንቀል አልቻለችም። እሷም ኩላሊቷን ታማለች፤ በሽታው ሁለቱንም ከእናታቸው የወረደባቸው ነው። ነገ ጠዋት የኩላሊት እጥበት ልትጀምር ሆስፒታል ትጠበቃለች።

«እስቲ ለእኔም ላኪልኝ» አለች ቀስ ብላ።



ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዛውንቶችን ሰብስቦ የጤና መረጃ ከኢንተርኔት እንዴት እንደሚፈለግ፣ የቱ እንደሚታመን፣ የቱ እንደማይታመን ያስተምራል ሲባል ሰምታ ስትመዘገብ፣ «በዚህ ዕድሜሽ ሀ ሁ ልትቆጥሪ?» ብሎ አላገጠባት። እሷ ወይ ፍንክች! ብዙም ሳትቆይ ክፍሉን በእጇ አስገባችው። ድሮም ልብስ ገልብጣ ስፌቱን ሳታይ አትገዛም ነበር፤ አሁንም ገጽ ስትከፍት መጀመሪያ ታች ወርዳ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ምን ሊሸጥላት እንደፈለገ ታያለች። «ፊቱማ የሁሉም ያምራል» ትላለች። አንድ ቀን ሊወስዳት ሄዶ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት፣ አንዱን ሽማግሌ ስትገስጸው ሰማ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጋዋን አይተህ ነው ያመንከው? ነጭ ጋዋን እኮ ሥጋ ሻጭም ይለብሳል!»

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው መምህሯ ነበረች።

ያቺው መምህር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ አሁን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሹፌሩ ሲያያት ጭንቅ ያዘው። አጠገቡ ተቀመጠችና ሁለት እጆቹን ያዘች።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንደ እሳቸው ያለ ተማሪ ከየት አመጣለሁ? አዲስ ለሚመጡት ሁሉ ‹እንደ እሳቸው ሁኑ፣ አንድም ቀን የጠርሙስ ሻጭ አላታለላቸውም› ነው የምላቸው።»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነገ ሆስፒታል አልሄድም» አለች የሚስቱ እህት ድንገት። «እትዬ ተመላልሳ ምን አተረፈች? እጥበቱንም ታጠበች፣ ኪኒኑንም ዋጠች፤ ይኸው ቀበርናት። እኔ ይሄን ነው የምጠጣው።»

መምህሯ ደነገጠች። «እንዴ! ሐኪምዎን ሳይጠይቁ? እስቲ ያምጡት፣ ማን እንደሚያዘጋጀው አብረን እንይ...»

«እናንተ ናችሁ እህቴን የጨረሳችሁብኝ! ማን ጻፈው፣ ማን ሸጠው ስትሉ! ይኸው፣ ስንቱ ሰው ‹ዳንኩ› ብሎ ጽፏል። ሁሉም ዋሸ?»

«ያልዳኑት እኮ ተመልሰው አይጽፉም» አለች መምህሯ። ሬዲዮ ግን ወደ እህትየዋ እየጠቆመች «እውነቷን ነው!» እያለች በላዩ ተናገረችበት።

ሹፌሩ ደሙ ፈላ። በሬዲዮ ተናደደ፣ በባለ ጋዋኑ ተናደደ፣ ከሁሉም በላይ በሚስቱ ተናደደ። ያን ጠርሙስ ለእሷ ገዝቶ ያመጣው ራሱ ነበር። በሽታው እየጠናባት ሲሄድ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እሷ ጽሑፉን አገላብጣ አየችና «አይሠራም» አለችው። እግሯ ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያኔ ነው እጇን ዘርግታ የተቀበለችው።

«የምጠጣው ላንተ ብዬ ነው» አለችው። «በኋላ ‹ባጠጣት ኖሮ› እያልክ እንዳትንገበገብ። ብቻ ለመምህሬ እንዳትነግርብኝ፤ አፍራለሁ።»

ማለላት። እሷም እስከ እንጥፍጣፊው ጠጣችው፤ ሲያስመልሳት ከረመ እንጂ ጠብ ያለላት ነገር የለም። ታዲያ አሁን ይሄ ምን የሚሉት መሐላ ነው? እሷን ከቀበረ በኋላ እህቷንም የሚያስቀብረው?

«ጠጥታዋለች!» ብሎ ጮኸ።

ሬዲዮ እንኳ ዝም አለች።

«ይሄንኑ ጠርሙስ ጠጥታዋለች! የገዛሁት እኔ ነኝ። እንደማይሠራ እያወቀች፣ እኔ እንዳይቆጨኝ ብላ ጠጣችው። አላዳናትም! ያን ደካማ ሰውነቷን አስመለሰባት እንጂ አላዳናትም!» ወደ መምህሯ ዞረ። «ለመምህሬ እንዳትነግርብኝ ብላኝ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ። እሷም ከፈለገች ትቀየመኝ!»

መምህሯ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ምን ያሳፍራቸዋል፣ ጋሼ? እናቴ እንደዚያ ብትለምነኝ እኔም እጠጣው ነበር።»

የሚስቱ እህት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። «ለምን አልነገረችኝም?» ትላለች ደጋግማ። ሹፌሩ ሄዶ ጎኗ ተቀመጠ።

«ነገ ሆስፒታል የማደርስሽ እኔ ነኝ» አላት። «እስክትጨርሺም በር ላይ እጠብቅሻለሁ። እሺ በይኝ።»

«እሺ» አለች።

«አሁን ደግሞ እዚያው ዳንን ከሚሉት ሥር ጻፊበት። እህቴ ጠጥታዋለች በይ።»

አፍንጫዋን እየጠራረገች ጻፈች። «እህቴ ጠጥታዋለች» የሚለውን ጨርሳ ቆመች። ጣቷ አልሄድ አላት።

«መሞቷን መጻፍ አልችልም፣ ጋሼ።»

ሹፌሩ ስልኩን ተቀበላት። መነጽሩን አስተካክሎ ፊደሎቹ ላይ አፈጠጠ፤ በሕይወቱ አንድ ቃል ስልክ ላይ ጽፎ አያውቅም።

«‹መ› የት ነች?» አለ ተናዶ።

መምህሯ ጎንበስ አለች። እጇን ግን አልሰነዘረችም፤ የተማሪ ስልክ ነክታ አታውቅም። «እዚያች ጋ ነች፣ ጋሼ። ተጭነው ይያዟት፣ ‹ሞ› ከላይ ብቅ ትላለች። ወደ እሷ ያንሸራትቱና ጣትዎን ያንሱ።»

ተጫነ። ‹ሞ› ብቅ አለች። ጣቱን ቀስ ብሎ ወደ እሷ አንሸራተተ።

«አዎ፣ እሷው ነች። አሁን ያንሱት» አለችው መምህሯ።

ሹፌሩ ጣቱን አላነሳም።