ከፀሐይ ይጠበቅ

ጋሽ ሀብተወልድ ሲ.ኤም.ሲ ወዳለው የመንገድ ተቋራጩ ቢሮ ለምን እንደተጠሩ ፈጽሞ አልገባቸውም። የንብረት ክፍሉ ከበበ ደውሎ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ይምጡ» አለና ስልኩን ዘጋው፤ በቃ። ለወትሮው የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ሳይጠይቅ የማይዘጋ ሰውዬ! ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው ቢያወጡ ቢያወርዱ የሚይዙት ነገር አጡ። ጊዜው የ2007 በጋ ነው፤ አዲሱ ባቡር ሰው ሳይጭን ለሙከራ ወዲያ ወዲህ ይላል። እሱም እንደ እሳቸው ለምን እንደሚሄድ ያላወቀ መሰላቸው።

ኧረ ምን አጠፉ? ሃያ ሁለት ዓመት ዘበኛ ሆነው አንዲት ሚስማር ጎድሎባቸው አያውቅም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ መሐል የሚሠራውን መንገድ ዕቃ ቀን ቀን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ሲሚንቶው አለ። ፌሮው አለ። ካሜራውም አለ፤ ካሜራውማ ከሁሉም አብልጦ ተይዟል!

ከሦስት ሳምንት በፊት ካሜራውን ብረት ምሰሶ ላይ ተክለውት ሲሄዱ፣ ከበበ «ውድ ዕቃ ነው፣ አደራ» ብሎ አስፈርሟቸዋል። አደራ ከተባሉ ደግሞ ጋሽ ሀብተወልድ ቀልድ አያውቁም። ከታች ዓይን የምትመስል ነገር አለች፤ ከበላይዋ ጥቁር ጠፍጣፋ መስታወት ተገጥሟል። ክዳኗ መሆን አለበት አሉ። የእንጦጦ ፀሐይ ይህን ክዳን እንዳይሰነጥቅባቸው፣ ጠዋት ጠዋት መሰላል ላይ ወጥተው በእጅጌያቸው ይወለውሉትና በጆንያ ይሸፍኑታል፤ ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ይገልጡታል። በቀደም ከበበ ደውሎ «ካሜራው ማታ ማታ እየጠፋ ነው፣ ደህና ነው?» ሲላቸው ክው አሉና ጆንያውን ሁለት አደረጉት።

ቢሮው ውስጥ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ባሮክ ተቀምጧል። ከጎኑ ፌበን የምትባል የኮምፒዩተር ባለሙያ አለች፤ ገና ልጅ ናት። ከበበ በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ጋሽ ሀብተወልድ» አለ ባሮክ፣ «ካሜራው ከተተከለ ወዲህ የማታ ዘበኛውን አሰናብተናል። እሱ ከጠፋ ማታ የሚያይ የለም። ያውቃሉ አይደል?»

«እንዴታ!»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚያጠፉት?»

«እኔ?»

ፌበን ኮምፒዩተሯን አዞረችላቸው። ጉድ ነው! ራሳቸው ናቸው። ጆንያ ይዘው መሰላሉን ይወጣሉ፣ ፊታቸው ስክሪኑን ይሞላል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ባዶ እጃቸውን ይወርዳሉ። ሌላ ቀን ከፈተች፤ እንደዚያው። ሌላም፤ እንደዚያው።

«ሃያ አንዱም ቀን ሴቭ ተደርጓል» አለች።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለ ባሮክ።

«ከካሜራው ጋር ነዋ። እግዜር ይጠብቅህ እያልኩት።»

ባሮክ ሳቅ አልመጣለትም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ፤ የስንብት ደብዳቤ ነው። «በንብረት ላይ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጉዳት» ይላል። በስድሳ አንድ ዓመታቸው ይህን ወረቀት ይዘው ማን በር ላይ ያቆማቸዋል? ሌባ የመባል ያህል ነው እኮ!

«ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ የሸፈንኩት ፀሐይ እንዳያገኘው ብዬ ነው!»

«ይኸው! ራሳቸው አመኑ» አለ ባሮክ።

ምኑን ነው ያመኑት? አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አዩ። ፌበንም ግራ ገብቷት ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

«ጋሼ፣ ሶላር እኮ ነው። የሚሠራው በፀሐይ ነው። ያ ጥቁሩ መስታወት ፀሐይ ካላገኘ ቻርጅ አያደርግም፤ ጠዋት እስኪሸፍኑት ባገኛት ትንሽ ፀሐይ ቀን ይውልና ማታ ይጠፋል።»

«በፀሐይ?»

«በፀሐይ።»

«እና ለምን ከፀሐይ ጠብቅ አላችሁኝ?»

ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የንብረት መረከቢያ ቅጽ ነው። «ካሜራ ከነመስታወቱ፣ አንድ» የሚለው የከበበ እጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ በሕትመት «ከላይ የተጠቀሰውን ንብረት ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከአቧራ ጠብቄ ለመያዝ ተረክቤአለሁ» ይላል። ግርጌው ላይ የጋሽ ሀብተወልድ ፊርማ አለ፤ ከጎኑ የኢንጂነር ባሮክ።

«የሲሚንቶና የቀለም ቅጽ ነው» አለ ከበበ ከበሩ። «ሌላ ቅጽ የለንማ።»

ባሮክ የራሱን ፊርማ አየው። ከዚያ ደብዳቤውን ቀስ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «በቃ፣ ስህተት ነው። ወደ ሥራዎ ይመለሱ።»

ጋሽ ሀብተወልድ ግን ከወንበሩ አልተነሡም። «ሃያ አንድ ቀን ሙሉ አያችሁኝ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ ሰውዬ ምን እያደረግህ ነው የሚል ጠፋ?»

«እጅ ከፍንጅ ልንይዝ...» ብሎ ባሮክ አልጨረሰውም።

«እንግዲያው ፀሐይ የምትለዋን ሰርዘው ይፈርሙበት። ያለዚያ ጆንያውን አላነሣም።»

ሰረዘና ፈረመ። ምን ያድርግ!

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሀብተወልድ መሰላሉን ወጡ፣ ሁለቱንም ጆንያ አነሡ፣ መስታወቱን ወለወሉ። አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ገጠሙት። ከዚያች ዓይን ወዲያ ሰው ተቀምጦ እንደሚያያቸው እያወቁ ምን ይበሉ? ዝም ብለው ወረዱ።

ወዲያው ስልካቸው ጠራ። ፌበን ናት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳይመርቁት ወረዱ እኮ።»

ጋሽ ሀብተወልድ ቀና ብለው ካሜራውን አዩት። ያን ሁሉ ጠዋት እግዜር ይጠብቅህ ሲሉ የከረሙት ለካ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሚጠብቋቸው ሰዎች ኖሯል!

«ምርቃት ከፈለግሽ ዳገቱን ወጥተሽ ነይ፣ ልጄ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር አንዱን ጆንያ አጥፈው አናታቸው ላይ ጣል አደረጉ።