በሙሉ ድምፅ

በ1981 ዓ.ም. ከቆቃ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የእሳት አደጋ ክፍሉ ሀብት አንድ የውሃ መኪና፣ አንድ አሮጌ አምቡላንስና ድሬሰሩ ገሠሠ ነበሩ። እሳት በተነሳ፣ መኪና በተገለበጠ ቁጥር ደም የሚያቆም፣ ስብራት የሚያስር እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶበታል። የከተማው ሰው «ዶክተር» ይለዋል፤ አለመሆኑን ማስረዳት ከተወ ቆይቷል።

አንድ ቅዳሜ ነዋሪው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ገሠሠ ከማለዳ ጀምሮ በዋናው መንገድ ከተገለበጠ አውቶቡስ ቁስለኛ ሲያመላልስ ውሎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑ ይከደን ጀመር። የከተማው ሊቀመንበር ጓድ ተክለሃይማኖት ወረቀት ያነባሉ።

«ለጦር ግንባሩ ጥሪ ስንል በጀታችን በሲሶ ተቀንሷል። ስለዚህ የመንገድ መብራቱ እንዲቆይ፣ የእሳት አደጋው የሕክምና እርዳታ እንዲታጠፍ፣ አምቡላንሱም ለዘመቻው እንዲሰጥ… የምትደግፉ!»

እጅ እንደ ጫካ በቀለ።

«የምትቃወሙ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ጭብጨባው አዳራሹን ሲያናውጠው ገሠሠ ነቃ። ምን ይታጠፍ ነው ያሉት? ቀና ሲል በእንቅልፍ ልቡ ያወጣውን የገዛ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ተሰቅሎ አየው። ሌላው ሁሉ አውርዷል፤ የእሱ ብቻ ቀርቷል። ክው አለ። የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

አጠገቡ የነበረችው ዳቦ ጋጋሪዋ ዲንቄ ዞር ብላ አየችው። «አንተው ራስህ?» አለችው ቀስ ብላ።

ሰኞ አምቡላንሱ ተወሰደ። ፋሻው፣ መድኃኒቱ፣ ቃሬዛው ግምጃ ቤት ገብቶ ታሸገ። ገሠሠን የግምጃ ቤቱ ጠባቂ አደረጉት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ ፍንዳታ የቆርቆሮውን ጣራ ሁሉ አንቀጠቀጠ። የፈነዳው የዲንቄ ዳቦ ቤት የናፍጣ በርሜል ነበር። ሾፌሩ ሁንዴ የውሃውን መኪና አስነሳ፤ ገሠሠም እንደ ልማዱ ሮጦ መሰላሉን ጨበጠ።

«ጋሼ፣ አንተን መኪናው ላይ እንዳናሳፍር ታዘናል» አለ ሁንዴ ዓይኑን ሳያነሳ። መኪናው ጥሎት ሄደ።

ገሠሠ አቧራው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወደ ግምጃ ቤቱ ተመልሶ ማኅተሙን በድንጋይ ሰበረው፤ የቻለውን ያህል ታቅፎ በእግሩ ሮጠ።

ዲንቄ መንገድ ዳር ተኝታለች። ግራ ክንዷ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ተልጧል። ሰዉ ቁስሏ ላይ ሊጥ ሊለጥፍ ይሻማል።

«ተዉ! ውሃ! ንጹሕ ውሃ አምጡ!» ብሎ ጮኸ። አቀዘቀዘላት፣ በፋሻ ሸፈነላት። ቲማቲም የጫነ መኪና ከደቡብ ሲመጣ መንገዱ መሃል ቆመበት፤ ሾፌሩ ሣጥኖቹን አውርዶ ቦታ ለቀቀላቸው።

ወደ ናዝሬት ሆስፒታል ሲከንፉ ዲንቄ ከንፈሯን ከፈተች። «እኔም እኮ አውጥቻለሁ።»

«ምኑን?»

«እጄን ነዋ። የዱቄት ኮታዬን እንዳይሰርዙብኝ ብዬ።»

ቅዳሜ በፍርሃት የወጣው የስንት ሰው እጅ እንደሆነ ለገሠሠ ያን ጊዜ ገባው፤ እንባውም ሳያስበው መጣ።

በማግሥቱ ጓድ ተክለሃይማኖት አስጠሩት።

«ማኅተም የሰበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን ትእዛዝ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከቅዳሜው ድምፅ ላይ የእኔን ቀንሱልኝ። ሙሉ አልነበረም።»

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እንዲህ የሚል ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። «አብደሃል?» አሉ፣ ከቁጣ ይልቅ በፍርሃት። «ቃለ ጉባኤው እኮ ወደ በላይ አካል ሄዷል!»

ዘጠኝ ቀን ቀበሌ አሰሩት፤ ከሥራውም ተባረረ። አምቡላንሱ አልተመለሰም። ዲንቄ ከሦስት ወር በኋላ ከሆስፒታል በሕይወት ወጣች፤ ግራ እጇ ግን ከዚያ ወዲያ ሊጥ አላቦካም።

ገሠሠ በተፈታ ዕለት ሁንዴንና ሁለት እሳት አጥፊዎችን ቀበሌው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ሊወቅሱት መስሎት ነበር።

«ጋሼ» አለ ሁንዴ፣ «የሚደማ ቁስል እንዴት እንደሚታሰር አሳየን። እኛስ መኪናው ላይ አለን አይደል?»

ገሠሠ ግራ ቀኙን አየ። ነጠላውን ከትከሻው አወረደና፣ እዚያው በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር፣ የሁንዴን ክንድ ያዘ።