ያልታጠበው እግር

ሣራ አሥረኛውን የፕላስተር ቁራጭ ከባዳቾ ቀኝ እግር ላይ ላጠችው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከደነደነው የቆዳ ቅርፊት ዐይን የማይለየው ስስ ሽፋን ይዞ ይነሣል፤ አልኮል ወዳለበት ብልቃጥም ይገባል። የብረት ውሕድ ጠብ ሲልበት፣ ቅባቱ እስከዚያ ጥልቀት ዘልቆ ከሆነ ብልቃጡ ሐምራዊ ይሆናል፤ ካልዘለቀ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ጠዋት የተለኩት አምስት ታማሚዎች ከአራተኛው ቁራጭ አላለፉም። የባዳቾም አሥር ካልደረሰ፣ ሣራ ሁለት ዓመት የደከመችበትን ቅባት ኮሚቴው ማምሻውን ይጥለዋል፤ ቀይ አፈር ያሳበጠው የገበሬ እግርም ያለ መድኃኒት ይቀራል።

ጠብታውን ለቀቀችው። ሐምራዊ።

«ተገኘ!» አለ ኃላፊዋ ዶክተር ገበየው። «ጋሽ ባዳቾ፣ የሌሎቹ ቆዳ ግንብ ነው፤ የእርስዎ ወንፊት!»

«ግንቡ የተበላ ሰው እንግዳ ከደጅ አይመልስም፣ ዶክተር።»

ሣራ ብቻ አልሳቀችም። ጣቶቿ ቅርፊቱ ላይ ያልጠበቀችውን ልስላሴ ዳስሰው ነበር።

«ጋሽ ባዳቾ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ እንዳይነካው ብለን ነበር። ነክቶታል?»

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። «ሳሙናም ነክቶታል።»

«ለምን?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ዘፍዝፍ፣ እጠብ፣ ቅባ ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ አይደላችሁ? ሳልታጠብ በፊት ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ብቻዬን ነበር የምቀመጠው። ከታጠብኩ ወዲህ ነው ሰው ተመልሶ አጠገቤ የተቀመጠው። ታዲያ የቆሸሸ እግር በሴት ልጅ ጭን ላይ ላስቀምጥ? ንጋት ላይ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ቀኙን ነው የምነካው ስላልሽኝ፣ ቀኙን ብቻ።»

«ግራውስ?»

«ሕጋችሁን ጠብቋል» አለ በምሬት።

ሣራ መዝገቡ ላይ የጻፈችውን አሥር በቀይ ሰረዘችው።

«አብደሻል?» ገበየው ድምፁን አፈነ። «ባዶ እጅሽን ልትገቢ ነው!»

«በሩን የከፈተው ውሃው ከሆነስ? ደረቅ እግር ላይ እንዲቀቡት ሰጥተን ልናታልላቸው ነው? ያልታጠበው ግራ ከአራት ካላለፈ ምስጢሩ ውሃው ነው። ለስብሰባው ሦስት ሰዓት ይቀራል። ጋሽ ባዳቾ፣ ግራውን ይስጡኝ።»

«አይሆንም፣ ልጄ። ይሸታል።»

ሣራ ወደ በሩ ጠቆመች። በተከፈተው በር በኩል አምስቱ ታማሚዎች መተላለፊያው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ውጤታቸውን ይጠብቃሉ። ባዳቾ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ የግራ እግሩን ጨርቅ ይፈታ ጀመር።

ሽታው ክፍሉን ሞላው። ገበየው ወደ መስኮቱ አፈገፈገ፤ ሣራ በርጩማዋን አስጠጋች። ቅባቱ ተቀብቶ እስኪዘልቅ በተጠበቀው ሁለት ሰዓት ውስጥ ሽማግሌው አንድ ጊዜም ቀና አላለም። ከዚያ ቁራጮቹ ተራ በተራ ተላጡ። አንደኛው ደማቅ ሐምራዊ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እየደበዘዙ፤ አራተኛው ጭላንጭል። አምስተኛው ላይ ጠብታውን ለቀቀችው። ጠዋቱን ሙሉ ስትፈራው የዋለችውን ቀለም አሁን ትለምነው ነበር።

ቢጫ።

«አልሠራም፣ አይደል?» አለ ባዳቾ ወለሉን እያየ።

«ሠርቷል፣ ጋሽ ባዳቾ። ደረቁ አራት፣ የታጠበው አሥር። ሁለቱንም እግርዎን ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ ሌሎቹም ታጥበው እንዲለኩ እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ እምቢ ይበሉ።»

«እንግዲያው አሁን ልታጠብ?»

ከመስኮቱ ሥር ውሃ ሲንፎለፎል ተሰማ። ገበየው እጅጌውን ሰብስቦ ሳፋውን እየሞላ ነበር።