የሞክሼዎቹ ፋይል

ኮሌጁ ትንሽ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ በዓመት ቢበዛ አርባ ሰው ያስመርቃል። ሬጅስትራር ቢሮው አራት የብረት ካቢኔ፣ አንድ መስኮትና አንዲት ሴት ማለት ነው። ሴትየዋን ተማሪዎቹ «እትዬ ማህተም» ይሏታል፤ የኮሌጁን ማህተም ከቦርሳዋ ስለማትለየው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ባላመነችበት ወረቀት ላይ አሳርፋው አታውቅም። ባሏ ሲቀልድ «እኔንም ያገባችኝ መታወቂያዬን ሦስት ጊዜ አይታ ነው» ይላል። ሰው ሲስቅ እሷ አትስቅም፤ እውነቱን ነዋ።

ኮሌጁ በየዓመቱ አንድ መጽሔት ያወጣል። የመጨረሻዎቹ ገጾች የቀድሞ ተመራቂዎች ናቸው፤ እገሌ አገባ፣ እገሊት መንታ ወለደች፣ ያኛው የራሱን ክሊኒክ ከፈተ። ዲኑ እነዚያን ገጾች ለእትዬ ማህተም የሰጣት፣ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ እንደሚያጋንን ስለሚያውቅ ነው። አንዱ «ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ» ብሎ ከጻፈ፣ ደውላ ከሥሩ ስንት ሰው እንዳለ ሳትጠይቅ አታወጣለትም።

ዘንድሮ ከመጡት ደብዳቤዎች አንዱን ስታነብ ግን ብዕሯ ባለበት ቀረ። ደብዳቤውን የጻፈችው ሴት በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኃላፊ ከሆነች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ለኮሌጁም ምስጋናዋ የላቀ ነው። ከደብዳቤው ጋር ፎቶ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ማይክሮስኮፕ አጠገብ ቆማ ትስቃለች፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው።

ያንን ፍንጭት እትዬ ማህተም አልረሳችውም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞክሼዎች ነበሩ። በስም ብቻ ሳይሆን በአባት ስምም አንድ ሆነው የሚለዩት በአያት ነበር። መምህራኑ ግራ ሲገባቸው አንዷን «ቀጭኗ»፣ ሌላዋን «ሳቂታዋ» ማለት ጀመሩ። ልጆቹ እንደ እህትማማች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ቀጭኗ በማዕረግ ተመረቀች። ሳቂታዋ የመጨረሻውን የተግባር ፈተና ወደቀችና በምረቃው ዋዜማ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

የፎቶዋ ሴት ሳቂታዋ ናት።

ካቢኔውን ከፍታ ፋይሏን አወጣች። «በተግባር ፈተና ወድቃ ያቋረጠች» ይላል፤ የገዛ እጇ ጽሑፍ ነው። ይኼኔ ሌላም ነገር ትዝ አላት። ከዚያ ምረቃ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ከፍተኛ ማሠልጠኛ ስለዚሁ ስም ጠይቆ፣ እሷም ፋይሉን አይታ «አልተመረቀችም» ብላ መልሳ ነበር። ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት እያለቀሰች ደወለች፤ በማዕረግ ነው የተመረቅኩት አለች። ሳቂታዋ በሞክሼዋ ውጤት ልታልፍ እየሞከረች መሆኗ ለእትዬ ማህተም ወዲያው ገባት። «እኔን አታሞኚኝም» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀመችባት። ይህን ታሪክ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች።

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ልጅቷ ያኔ ያልሆነላትን በሌላ በር ገብታበታለች፤ የሰው ደም እየመረመረችም ነው። ለዲኑ አልነገረችም። ዲኑ የዋህ ነው፤ ስልክ ደውሎ ያስጠነቅቅብኛል ብላ ፈራች። የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሆስፒታሉ ደርሳ በቀጥታ አልገባችም። ከላቦራቶሪው የናሙና መቀበያ መስኮት ፊት ለፊት፣ ከበሽተኞች መሀል ተቀምጣ ትከታተል ጀመር። ሳቂታዋ ወፈር ብላለች። አንዲት ሠራተኛ ያመጣችላትን ናሙና የተቀባበት መስታወት፣ ስላይዱን፣ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችና፣ ቀለሙ በደንብ አልታጠበም ብላ መለሰችባት። እጇ ሥራውን ያውቃል። ይህ ግን እትዬ ማህተምን አላረጋጋትም፤ እንዲያውም የለመደ እጅ ለማታለልም ይመቻል ስትል አሰበች።

ሳቂታዋ ቀና ስትል አየቻትና ሮጣ ወጥታ አቀፈቻት። ቢሮዋ አስገብታ የራሷን ወንበር ለቀቀችላት፣ ውኃ አስመጣችላት፣ የልጆቿን ፎቶ አሳየቻት። እትዬ ማህተም ውኃውን ሳትነካ ይህ ሁሉ መስተንግዶ በጤና አይደለም እያለች ነበር። ለመጽሔቱ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ተናግራ ዲፕሎማዋን እንድታሳያት ጠየቀቻት።

የሳቂታዋ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። ተነሥታ ከግድግዳው ላይ ፍሬሙን አወረደችና ሰጠቻት። እትዬ ማህተም ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። የአያቷ ስም የራሷ ነው። ፊርማው የዲኑ ነው። ማህተሙም እውነተኛ ነው። ቀኑ ግን ከምረቃው ስምንት ወር ይዘገያል።

«ይህን ማህተም ማን መታው?»

«ዲኑ ናቸው። እርስዎ ያኔ ወልደው ቤት ነበሩ።»

የተግባር መምህሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አዝነውላት ኖሯል። ለስምንት ወር ላቦራቶሪያቸው እየሄደች ብርጭቆና ስላይድ ስታጥብ፣ በትርፍ ጊዜዋ ማይክሮስኮፕ ላይ ስትለማመድ ቆይታ እንደገና ተፈተነች፤ አለፈች።

«ውጤትሽ ፋይልሽ ውስጥ የለም» አለች እትዬ ማህተም።

«ወረቀቱን ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።» ሳቂታዋ ፍሬሙን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። «እኔስ ምንም አልሆንኩም እትዬ። የተበደለችው ሞክሼዬ ናት።»

ከዚያ የነገረቻት ነገር አጭር ነበር። ከፍተኛ ማሠልጠኛ ገብታ ለመማር ያመለከተችው ቀጭኗ ናት። ተቀብለዋት ሳለ ኮሌጁ ወድቃለች ብሎ ጻፈ። ስትደውል ስልኩ ተዘጋባት፤ ቀኑ አለፈ፤ ቦታዋ ለሌላ ተሰጠ። አጭበርባሪ እንዳትባል ፈርታ ከዚያ ወዲህ ዲፕሎማዋን ለማንም አሳይታ እንደማታውቅ ሳቂታዋ ከሰው ሰምታለች። ሳቂታዋን ደግሞ «የኔን ውጤት ወስደሽ ነው አንቺ ያለፍሽው» ብላት ተለየቻት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልኳን አንሥታላት አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ማህተም ከሁሉ ቀድማ ቢሮ ገባች። የቀጭኗን ፋይል ከፈተች። ከውጤቶቿ መሀል አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ የሳቂታዋ የድጋሚ ፈተና ውጤት። ጥጉ ላይ «ተመዝግቧል» ተብሎ ተፈርሞበታል። ፊርማው የራሷ ነው፤ ቀኑም ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችበት ሳምንት። ማሠልጠኛው ሲጠይቅም የአያት ስም ሳታይ እጇ ላይ የገባውን ፋይል ነበር ያነበበችው።

ያንን ወረቀት ብትቀደው የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ማሰቧ ራሱ አስደነገጣት። ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ለዲኑ ሁሉንም ጻፈች፤ የስልኩንም ነገር አልደበቀችም።

ቀጭኗን ያገኘቻት አንድ መነጽር ቤት ውስጥ ነው። ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጣ የመነጽር መስታወት በማሽን ትሞርዳለች። እትዬ ማህተም ቆማ ነገረቻት። ቀጭኗ ማሽኑን አላጠፋችም፤ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሣችም። ጨርሳ ጠረገችው።

«ሞክሼዬ የለችበትማ?» አለች።

«የለችበትም።»

«ዘጠኝ ዓመት» አለችና መስታወቱን መደርደሪያው ላይ አኖረችው። «እኔ እኮ እያለቀስኩ ነበር የደወልኩልዎ» አለች።

እትዬ ማህተም ይቅርታ ጠየቀች። ቀጭኗ ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለችም። የሳቂታዋን ስልክ ቁጥር ብቻ ጠየቀቻት፤ የድሮውን አጥፍታው ነበር።

ዲኑ የዋህ ቢሆንም ማህተሙን ከእትዬ ማህተም ተቀበለና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ማስጠንቀቂያውን ፋይሏ ውስጥ ያስገባችው ራሷ ናት። መጽሔቱ የሳቂታዋን ዜና ይዞ ወጣ፤ ከሥሩም ኮሌጁ የቀጭኗን ማዕረግ አረጋግጦ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለቱ ሞክሼዎች በስልክ እንደተነጋገሩ ተሰማ፤ ምን እንደተባባሉ ግን ሁለቱም ለማንም አልነገሩም።

ከወር በኋላ ቀጭኗ ወደ ሬጅስትራር ቢሮው መስኮት መጣች። ለዚያው ማሠልጠኛ እንደገና ልታመለክት ስለሆነ፣ አስቀድማ በስልክ የጠየቀችውን የማረጋገጫ ደብዳቤ ልትወስድ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ዲኑ ማህተም መትቶበት ይጠብቃት ነበር። እትዬ ማህተም በሁለት እጇ ሰጠቻት። ቀጭኗ ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ማህተሙን ወደ ብርሃን አንሥታ አየች። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለሰችና ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«የአያቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል» አለች።

እትዬ ማህተም አጎንብሳ አየች። እውነት ነው፤ ጎድሏል።

«ሌላ ይጻፉልኝ» አለች ቀጭኗ። «እጠብቃለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ከሴትየዋ እጅ ላይ ሳትነቅል።