ዓም ታይብ የተመሰገኑ ዕለት

ረውዳ የክለቡ በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ስትመረጥ ማንም አልተወዳደራትም። ሥራው የሚያስቀና አይደለማ! ደሞዝ የማያገኝን ሰው እሑድ ጠዋት ከሞቀ አልጋው አስነስቶ የእጅ ኳስ አዳራሽ እንዲጠርግ ማግባባት ነው። እሷ ግን አምናበታለች። ቱኒስ ድረስ ሄዳ ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ አንድ ነገር በልቧ ይዛ መጣች፤ ሰው የሚሸሸው ስላልተመሰገነ ነው የሚል።

እውነትም ሰው እየሸሸ ነበር። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ሲቀሩ ክለቡ በጥቂት አዛውንቶች ትከሻ ላይ ወደቀ። ከእነሱ ሁሉ ፊት የሚቆሙት ደግሞ ከተማው በሙሉ ዓም፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራቸው ዓም ታይብ ናቸው። ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ጀልባቸውን ከሸጡ ወዲህ ኑሯቸው የአዳራሹ በር ነው። ትኬት የሌለው አይገባም፣ የከንቲባው ወንድምም ቢሆን። የሱፍ ፍሬ የሚቆረጥም አይገባም፣ ልጣጩን ማን ይለቅማል? ሲቆጡ ድምፃቸው ወደቡ ድረስ ይሰማል።

ረውዳ ምስጋናዋን ከእሳቸው ጀመረች። በጨዋታው እረፍት ሜዳው መሐል አስጠራቻቸውና አበባ አስታቀፈቻቸው፤ ስማቸው የተቀረጸበት የመስታወት ሽልማትም ሰጠቻቸው። በድምፅ ማጉያም ለክለቡ ላበረከቱት ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን አለች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ዓም ታይብ አለቀሱ። ከዚያ የበሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩና ወጥተው ሄዱ። ረውዳ የዋህ ናትና የደስታ እንባ መሰላት።

በሚቀጥለው እሑድ ዓም ታይብ የሉም። ለተጫዋቾቹ ቱናና ሐሪሳ የሚሉት የበርበሬ ድልህ ያለበት ዳቦ የሚያዘጋጁት፣ ሁሉም ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ማብሩካ ረውዳን ወደ ጥግ ሳብ አደረጓት።

«ልጄ፣ የእኔስ ተራ መቼ ነው?»

«የምኑ?»

«የመስታወቱ። ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ሰው ፊት እንዳላለቅስ።»

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። በዚህ ከተማ አበባና መስታወት የሚሰጠው ለተሸኘ ሰው ነው፤ መምህር ጡረታ ሲወጣ፣ አንዳንዴም ሟች ከተቀበረ በኋላ ለልጆቹ። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች፤ ሥልጠናው አስረሳት። ሰውየውን በጭብጨባ ነው ያባረረቻቸው።

በማግስቱ ቤታቸው ሄደች። በክብር ተቀበሏት፤ የጥድ ፍሬ የተነሰነሰበት ሻይ ቀረበ። ይቅርታ ጠየቀች፣ ማለች፣ ተገዘተች። እሳቸው ግን አይዞሽ፣ ምንም አላጠፋሽም፣ ለበሩም ወጣት ይሻላል አሉ። ያስፈራት ይህ ነው። ዓም ታይብ ትሑት ሆነው ታይተው አያውቁም። እሷ በለመነች ቁጥር እሳቸው ጨዋነታቸው እየባሰ ሄደ።

በመጨረሻ ታክቷት ልመናውን ተወችው። ብልሃት አስባ አይደለም፤ ምሬቷ አምልጧት የእሑዱን መከራዋን ማውራት ጀመረች። ትኬት የሌለው እንዴት እንደገባ፣ መቀመጫው ሥር ልጣጭ እንዴት እንደተከመረ፣ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች እንዴት ከበሮ ይዘው እንደገቡ።

ዓም ታይብ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ከበሮ?»

«አዎ፣ ከበሮ።»

«በየት በር?»

«በዋናው ነዋ። ልከለክል ብል ሳቁብኝ።»

«አንቺም ቆመሽ አየሽ?»

«ምን ላድርግ? እርስዎ የሉ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ራሷን መግታት አልቻለችም። «ቆይ እርስዎስ፣ ሰው ሁሉ ላይ ሲጮኹ ኖረው እኔ ስሳሳት ዝም ይላሉ? ለእኔ ቁጣ አነሰዎት? አንድ መስታወት ሰጡኝ ብሎ በር ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው?»

በእሳቸው ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ሚስታቸው ከማድቤቱ ብቅ ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ረውዳ እፍረት ፊቷን አቀላው፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትረግም ሄደች። ከስህተቷ በላይ ሌላ ስህተት ጨመርኩ ብላ አመነች፤ ለኮሚቴው ኃላፊነቱን እንደምትለቅ ልትነግርም ወሰነች።

እሑድ ጠዋት ስትደርስ በሩ ተከፍቷል። ዓም ታይብ መጥረጊያ ይዘው መቀመጫዎቹ መሐል ቆመዋል፤ ገና ሲያዩዋት ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ይሄ ነው ጽዳት? የበሩን እጀታ ማን አላላው? ማነው ለአንቺ ኃላፊነት የሰጠሽ? በጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አዩዋት። ረውዳ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ተቀበለች፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደሷ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ኻልቲ ማብሩካ ዳቦውን እየሰነጠቁ «ተመስገን፣ ደህና ናቸው» ብለው አጉተመተሙ።

ቁጣው በረድ ሲል ዓም ታይብ በራቸው ላይ ቆሙ። ረውዳ ጠጋ አለቻቸው። አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ለረቡዕ ጨዋታ ደግሞ እንዳይዘገዩ» አለቻቸው።