ትርንጎ የፈረደችበት ጠላ

ትርንጎ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኮሶዬ ላይ፣ ጠላ እየሸጠች ብዙ ዘመን ኖራለች። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በዚያ መንገድ የሚመላለስ የጭነት ማኪና እሷ ደጅ ሳይቆም አያልፍም ነበር። የኮሶዬ ብርድ አጥንት ይገባል፤ የእሷ ጠላ ደግሞ ጥቁር፣ ጌሾው የጠነከረ፣ ጋኑ በወይራ ጭስ እስኪጠግብ የታጠነ ነበር። ሾፌሮቹ "የትርንጎ ጠላ ከጋቢ ይበልጣል" ይሉ ነበር።

እሷ ቤት ስትቀዳ የኖረችው ታየች ባል አግብታ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ቤት ስትከፍት፣ ትርንጎ መጀመሪያ መርቃት ነበር። አንድ ጋንም ሰጥታታለች። ከዚያ ግን ማኪኖቹ ቀስ በቀስ ማዶ መቆም ጀመሩ። ከማዶ ሳቅ በተሰማ ቁጥር ትርንጎ ቀና ብላ ታያለች። የታየች ቤት ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ የለበሰ ዕለትማ ምሳ እንኳ አልበላችም።

"እጄን ሰርቃኝ ሄደች" ትላለች ለመጣው ሁሉ። "ምን የራሷ አላት? ማዶ የሚሸጠው የእኔው ጠላ ነው።"

ማዶ ተሻግራ ግን አንድ ጊዜም ቀምሳ አታውቅም።

በዚያ ሰሞን ጎንደር ከተማ ላይ የእርሻና የእጅ ሥራ ትርኢት መደረግ ጀመረ። በሬው ይወዳደራል፣ ማሩ ይወዳደራል፣ ጠላም ይወዳደራል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም ጠላቸውን ጭነው ወረዱ። ታየች አንደኛ ወጣች። የትርንጎ ስም አልተጠራም።

ትርንጎ ሰው ሁሉ እየሰማት ጮኸች። "በምን አያችሁት? ዘመድ ናት ወይስ ጉቦ በላችሁ?"

የፈራጆቹ አለቃ አያ ወልደኢየሱስ ነበሩ። ድሮ በአንድ መኳንንት ግቢ የመጠጥ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አልተቆጡም።

"የማንን እንደቀመስን እኛም አናውቅም" አሏት። "ማሰሮው ሁሉ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ይሸፈናል፤ አንገቱ ላይ የሚታሰረው ክር ብቻ ነው የሚለየው። ካላመንሽ ለከርሞ አትወዳደሪ፤ ከእኛ ጋር ተቀምጠሽ ፍረጂ።"

ትርንጎ ዓመቱን ሙሉ ይህን ስታሰላስል ከረመች። በአፏ "እውነቱን አወጣለሁ" ትላለች፤ በልቧ የምታስበው ግን የታየችን ማሰሮ ለይታ መጣልን ነበር። መለየቱ አያቅተኝም አለች። የራሴን ጠላ እንዴት አጣዋለሁ?

ቀኑ ደረሰና ከአያ ወልደኢየሱስና ቢያዝን ከሚባል ሌላ ፈራጅ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች። የተሸፈኑት ማሰሮዎች ተደርድረዋል። በየማሰሮው ፊት አንድ ጣባ አለ፤ ፈራጁ ቀምሶ እንደ ወደደው መጠን ባቄላ ይጥልበታል። ብዙ ባቄላ ያገኘ ያሸንፋል።

"መጀመሪያ በብርጭቆው ቀለሙን እዪ" አሏት ሽማግሌው። "ከዚያ አሽትቺ። ከዚያ ተጎንጭተሽ ጠብቂ። የመጀመሪያው ጉንጭ ያታልላል፤ ጠላ የሚፈረደው ከተዋጠ በኋላ ነው። በመካከል ዳቦ ቅመሺ፣ ውኃ ጠጪ፤ አለዚያ ያለፈው ጠላ በሚቀጥለው ላይ ይፈርዳል።"

"መሸፈኑስ? እኛ እንደሆን ሽማግሎች ነን፣ ማንን ፈርታችሁ ነው?"

"ራሳችንን" አሉ አያ ወልደኢየሱስ። "የማይወድና የማይጠላ ሰው የት ይገኛል?"

ትርንጎ ይህን እንዳልሰማች ሆነች። እየቀመሰች መጣች። አንዱ ቀጥኖ ቅራሪ ሆኗል፣ አንዱ ሆምጥጧል። ባለ ቀይ ክሩ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጥቁር ነው። ሽታው ገና ከሩቅ ወይራ ነው። ስትጎነጨው ምላሷ አወቀው፦ የእሷው እንኩሮ፣ የእሷው ጌሾ፣ የእሷው ጭስ።

"አገኘሁሽ፣ ሌባ!" አለች በሆዷ። ጣባው ላይ አንዲት ባቄላ ብቻ ጣለች።

ቀጥሎ የመጣው ባለ አረንጓዴ ክር ነበር። ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ጭሱ ሽው ብሎ የሚያልፍ ነው። መጀመሪያ ብቅሉ ጣፈጣት፤ ከተዋጠ በኋላ ምሬቱ በቀስታ መጣና ሌላ ጉንጭ አስመኛት። እንዲህ ያለ ጠላ ቀምሳ አታውቅም። የማታውቀው የሩቅ ሰው ነው ብላ ባቄላውን በእፍኟ አፈሰሰችለት።

አያ ወልደኢየሱስ ጣባዎቹን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ።

"ባለ ቀይ ክሩን ምነው እንዲህ ጣልሽው? ጭሱ ይከብዳል እንጂ ሸጋ ጠላ ነው። ሁለተኛ ለመውጣት ይበቃ ነበር።"

"ጠላ ነው እንዴ የጠጣሁት? ጭስ ነው እንጂ! ጌሾውም ጉሮሮ ይይዛል። ይህን የጠመቀች ሴት የሰው እጅ የምትቀዳ ናት፤ የራሷ የላትም።"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። "እንግዲህ ፍርድሽ ነው" አሉ።

ውጭ ሕዝቡ ተሰብስቦ ክሮቹ ተፈቱ። ባለ አረንጓዴ ክሩ አንደኛ ወጣ፤ የታየች ነበር። ታየች በሰው መካከል እየተሹለከለከች መጥታ ትርንጎን ጉልበቷን ሳመቻት።

"እትዬ፣ እርስዎ ፈራጅ መሆንዎን ሳይ ተስፋዬን ቆርጬ ነበር። ከእንግዲህ ሰው እትዬ ያሙሻል ቢለኝ አላምንም።"

ትርንጎ እሳት የረገጠች ያህል ሆነች። ታየችን እንዳትገፋት ሰው ያያል፤ እንዳታቅፋት እጇ እምቢ አለ። የሌሎቹ ስም መጠራቱ ቀጠለ። ባለ ቀይ ክሩ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወደቀ።

"እናኑ፣ ከአይከል።"

እናኑ የትርንጎ ታናሽ እኅት ናት። አይከል ካገባች ወዲህ የሚገናኙት በዓመት አንዴ ነው። ትወዳደራለች ብላ ትርንጎ በሕልሟም አላሰበችም። እናኑ ከሕዝቡ ወጥታ ፊቷ ተገተረች።

"ምነው እቴ? ምን አጎደልኩ?" አለቻት። "አምና ያዋረዱሽን ሰምቼ፣ የእጅሽን ሙያ ላስመሰክር ብዬ ነው ደብቄሽ የመጣሁት። ያስተማርሽኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጠመቅኩት።"

"የታየች መስሎኝ ነው" አለች ትርንጎ።

እናኑ "የታየችስ ቢሆን?" ብላ ማሰሮዋን አንሥታ ሄደች።

ወደ ኮሶዬ የሚመለሰው ማኪና አንድ ብቻ ስለነበር ትርንጎና ታየች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታየች የተሸለመችውን ብርድ ልብስ ዘርግታ የሁለቱንም ጉልበት አለበሰች። ትርንጎ ልታወልቀው ፈለገች፤ ዳገቱ ላይ ግን ብርዱ በረታና ተወችው። የአንገረብን ወንዝ ካለፉ በኋላ ሳትወድ ጠየቀች።

"ጭሱን ምነው ቀነስሽው?"

"እርስዎ ቤት ዋንጫ የማነሣው እኔ ነበርኩ" አለች ታየች። "ሰዉ እያመሰገነ ይጠጣና ከሥር ያስተርፍ ነበር። የተረፈውን ስቀምሰው ጭሱ ነው። ለእርስዎ መንገር ፈራሁ።"

ትርንጎ ያን ዋንጫ አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም። ንግግሩ እውነት መሆኑን አወቀች፤ ከእሷ ቀድማ ያወቀችው ታየች መሆኗ ግን ያው አንገበገባት። ቅናቱ አልለቀቀም። ከማዶ ሳቅ በተሰማ ቁጥር እስከ ዛሬም ቀና ብላ ታያለች።

በሳምንቱ ግን ቤቷን ዘግታ አይከል ወረደች። እናኑ በሩን ከፍታ አየቻትና አልሳመቻትም፤ ግቢም አላለቻትም። ትርንጎ ራሷ ገባች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የእኅቷን ድፍድፍ ማማሰል ጀመረች። እናኑ ቆማ ስታያት ቆይታ በመጨረሻ ጋን አቀረበች።

"ይታጠን?" አለች በቁጣ ድምፅ።

"ጥቂት" አለች ትርንጎ። "ከዚያ አብረን እንቅመሰው።"